ስለ አሮጌ ፒክአፕ መኪና የፍጥነት መለኪያ መወላወል፥ ምክንያቱንም ስለ መመርመር

በሐዋሳ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች ለእርሻ ሥራ ከተመደቡት ፒክአፕ መኪናዎች መካከል ብዙ ዘመን ያገለገሉ አይታጡም። ከነዚህም ውስጥ ሞተራቸው ጤነኛ፥ ፍሬናቸውም የሚይዝ ሲሆን፥ በነጂው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ መርፌ ግን አንድ ጊዜ ወደ 40፥ ወዲያውም ወደ 70 እየዘለለ እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድባቸው ይገኛሉ። ይህን ጕድለት ብዙ ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ይቈጥሩታል፤ መኪናው እስከ ሄደ ድረስ መርፌው ቢወላውል ምን ይጎዳል ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

በአንድ መለኪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሠራተኞች እንዳሉ አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። አንደኛው መርፌው ነው፤ መኪናው በዚያች ጊዜ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ያመለክታል። ሁለተኛው ኪሎ ሜትር ቈጣሪው ነው፤ መኪናው ከተሠራ ጀምሮ የተጓዘውን መንገድ ሁሉ ይደምራል። መርፌው የሚያገለግለው ነጂውን ነው፤ ቈጣሪው ግን የሚያገለግለው መሥሪያ ቤቱን ነው። ነዳጅ የሚታደለው፥ የሞተር ዘይት የሚለወጠው፥ ጐማም አገልግሎቱን ፈጸመ ተብሎ የሚጣለው በቈጣሪው ቍጥር ነውና። ስለዚህ መርፌው ተወላወለ የሚል ወሬ በመጣ ጊዜ ሹሙ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው፥ ቈጣሪው እውነት ይናገራልን? ብሎ ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል እንበል። ቈጣሪው ከየ5 ኪሎ ሜትሩ አንዱን እየዘለለ የሚቈጥር ቢሆን፥ መኪናው 100 ኪሎ ሜትር ተጕዞ ሲመለስ ቈጣሪው 80 ብቻ ያሳያል። የመዝገቡ ጸሐፊም 10 ሊትር በ80 ኪሎ ሜትር ማለቁን አይቶ፥ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ተኩል ሆነ ብሎ ይጽፋል፤ ነጂውም ነዳጅ ሸጠ ተብሎ ይጠረጠራል። እንዲህ ሆኖ የንጹሕ ሰው ስም ባረጀ ሽቦ ምክንያት ይጠፋል። መኪናውም ራሱ ይጎዳል፤ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱ ሊለወጥለት የሚገባ ሞተር፥ ቈጣሪው 5,000 ባለ ጊዜ በእውነቱ 6,250 ኪሎ ሜትር ሠርቷል። መጽሐፍ የሐሰትን ሚዛን የሚነቅፈው ስለ ገበያ ብቻ አይመስልም።

አሁን ደግሞ የሚወላውለውን መለኪያ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ከሚሳሳተው መለየት ያስፈልጋል። መርፌው ሳይንቀጠቀጥ ረግቶ፥ ነገር ግን ከእውነተኛው ፍጥነት ጥቂት ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ከሆነ፥ ይህ ብዙ ጊዜ ሕመም አይደለም። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቍጥር 39 መሠረት የሚሠራ መለኪያ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ እንዳያሳይ የተከለከለ ነው፤ አብዝቶ ማሳየት ግን ከፍጥነቱ አንድ ዐሥረኛና በዚያም ላይ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይፈቀድለታል። በእውነቱ 60 የሚሄድ መኪና 65 ቢያሳይ እንግዲህ ነጂው ሊደነግጥ አይገባውም። ከዚህ አልፎ የሚሳሳት፥ ወይም አሳንሶ የሚያሳይ ከሆነ፥ ጐማውን መጠርጠር ይገባል። ለመኪናው ከተወሰነው ይልቅ ቁመቱ በአንድ ዐሥረኛ የበለጠ ጐማ ቢገባለት፥ መለኪያው ትክክል የነበረ እንደ ሆነ፥ መርፌው 60 ሲል መኪናው 66 ይሄዳል፤ ቈጣሪውም 100 ሲል መንገዱ 110 ነው። ይህንንም ለማረጋገጥ ጐማውንና መሬቱን በጠመኔ ምልክት አድርጎ፥ መኪናውን ቀስ ብሎ ዐሥር ዙር አስነድቶ መንገዱን በሜትር መለካትና ለዐሥር መካፈል ነው፤ የተገኘውም ልክ ለመኪናው ከተወሰነው ጐማ ዙሪያ ጋር ይነጻጸራል። ጐማ መርፌን ያሳስታል እንጂ አያወላውልም፤ የሚወላውል መርፌ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ምክንያቱን ለማግኘት የመለኪያውን አሠራር ማወቅ ግድ ነው። በአሮጌዎቹ መኪናዎች፥ ለምሳሌ በአገራችን በብዛት በሚታዩት በቀድሞዎቹ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፖች፥ በካምቢዮው የኋላ ጫፍ አንዲት ትንሽ ጥርሳም መዘውር አለች። መኪናው ሲሄድ ይህች መዘውር ትዞራለች፤ ከእርስዋም ጋር ከጠንካራ ቀጫጭን ሽቦዎች የተገመደ፥ በረዥም ቱቦ ውስጥ ያለፈ አንድ ሽቦ እየዞረ እስከ ነጂው መለኪያ ሰሌዳ ድረስ ይወጣል። የሽቦው ሁለቱ ጫፎች አራት ማዕዘን ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ቁልፍ በቀዳዳው እንደሚገባ እነርሱም ታችኛው በመዘውሯ፥ ላይኛው በመለኪያው ውስጥ ገብተው ይይዛሉ። በጃፓን ደንብ በተሠራ መለኪያ፥ መኪናው 1 ኪሎ ሜትር በሄደ ጊዜ ሽቦው 637 ጊዜ ይዞራል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 1 ኪሎ ሜትር የሚፈጽመው በ1 ደቂቃ ስለ ሆነ፥ ሽቦው በአንዲት ሰከንድ ከዐሥር ጊዜ በላይ ይሽከረከራል ማለት ነው። ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ቅባት ቢያጣ መጮኹና መንቀጥቀጡ አያስደንቅም።

በመለኪያው ውስጥ ሽቦው አንድ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱን ከላይ የአሉሚኒዮም ጽዋ ከድኖታል፤ ሁለቱ ግን አይነካኩም። ማግኔቱ ሲዞር በጽዋው ውስጥ የኤሌክትሪክ ኀይል ይፈጠራል፤ ይህም ኀይል ጽዋውን ማግኔቱ ወደሚዞርበት ወገን ይስበዋል። ጽዋው አብሮ እንዳይሽከረከር እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ትይዘዋለች። መርፌው የተተከለው በጽዋው ዘንግ ላይ ነውና፥ የማግኔቱ ጕተታና የሞላዋ መያዝ እኩል በሆኑበት ቦታ ይቆማል። ይህን ጥበብ ያን ጊዜ በጀርመን ግዛት በነበረችው በስትራስቡርግ ከተማ ኦቶ ሹልትዝ የተባለ ሰው በ1895 ዓ.ም. መስከረም ወር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1902 አስመዘገበው። የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዐፄ ምኒልክ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ ዛሬ በወረዳው ፒክአፕ ላይ የሚንቀጠቀጠው መርፌ ጥበቡ በኢትዮጵያ መኪና ከመታየቱ በፊት የታወቀ ነው።

ቈጣሪው ግን በማግኔት አይሠራም። እርሱ ከሚዞረው ዘንግ ጋር በጥርስ የተያያዘ ነው፤ ዘንጉ በዞረ ቍጥር እርሱም ሳይወድ በግድ ይዞራል። የነገሩ ሁሉ ፍሬ ይህ ነው። ሽቦው ደርቆ ወይም ተጣምሞ በአንድ ቦታ ሲያዝ እንደ ገመድ ይጠመዘዛል፤ ጥምዘዛውም ሲበዛበት በድንገት ይለቃል። መርፌው የሚያሳየው ይህን መያዝና መልቀቅ ነው። የዘገየው ዙር ግን ጥቂት ቈይቶ ይደርሳል እንጂ አይጠፋም፤ ስለዚህ መርፌው እየዘለለ ሳለ ቈጣሪው ትክክለኛ ሊሆን ይችላል። የሽቦው ጫፍ አራት ማዕዘንነቱን አጥቶ የተድቦለቦለ፥ ወይም የመዘውሯ ጥርስ የተበላ እንደ ሆነ ግን፥ አንዱ ሲዞር ሌላው እየተንሸራተተ ይቀራል፤ በዚህ ጊዜ የጠፋው ዙር ተመልሶ አይመጣም፥ ቈጣሪውም ያጐድላል። በውጭ ሲታይ ሁለቱም ጕድለት አንድ ይመስላል፤ በመዝገብ ላይ ግን የአንዱ ቍጥር የሚታመን፥ የሌላው የማይታመን ነው።

ሁለቱንም የሚለየው ፈተና ገንዘብ አይጠይቅም። የኪሎ ሜትር ምልክት በመንገዱ ዳር በቆመበት ስፍራ መኪናውን አቁሞ የቈጣሪውን ቍጥር እስከ መጨረሻው አሐዝ መጻፍ፥ 10 ኪሎ ሜትር ተጕዞ በዐሥረኛው ምልክት ዘንድ አቁሞ እንደ ገና መጻፍ ነው። ምልክቱ የወደቀ ወይም የሌለ ከሆነ፥ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው በሳተላይት ቦታን የሚያመለክት መሣሪያ መንገዱን ለመለካት ይበቃል። መርፌው ሲዘል ውሎ ቈጣሪው 10 ካለ፥ ወይም ከ10 የራቀው በጥቂት ብቻ ከሆነ፥ ጕድለቱ ያለው በሽቦው መድረቅ ወይም በመለኪያው ውስጥ ነው፤ የቀድሞው የነዳጅ መዝገብም እንደ ታመነ ይቀራል። ቈጣሪው 8 ወይም 9 ብቻ ካለ፥ በተለይም ፈተናው በተደገመ ጊዜ ሌላ ቍጥር ከሰጠ፥ መንሸራተት አለ። መርፌውም ቈጣሪውም ፈጽመው ከቆሙ ሽቦው ተበጥሷል ወይም መዘውሯ ተሰብራለች። መርፌው ሞቶ ቈጣሪው የሚሠራ፥ ወይም መርፌው እየሠራ ቈጣሪው የቆመ እንደ ሆነ ግን፥ ሽቦው ሥራውን መሥራቱ ስለ ተረጋገጠ ጕድለቱ በራሱ በመለኪያው ቤት ውስጥ ነው። ይህን ሳያደርግ መለኪያውን ያስለወጠ ሰው አዲሱም መርፌ እንደ አሮጌው ሲዘል ያያል፤ ብዙ ጊዜም የሚሆነው ይህ ነው።

ከምክንያቶቹ ሁሉ የሚበዛው የሽቦው ነው፤ በሐዋሳ አካባቢም ይህ እንዲበዛ የሚያደርግ ነገር አለ። ከተማዪቱ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሐይቁ ዳር የተቀመጠች ናት፤ በስተ ሰሜኗም ኮርቤቲ የተባለው እሳተ ገሞራ አለ። ከጥንት እሳት የቀረው ቀላልና ቀዳዳማ ድንጋይ ሲደቅ እንደ ዱቄት የላመ፥ ሲታሽ ግን እንደ መሞረጃ የሚቈርጥ ትቢያ ይሆናል። ይህ ትቢያ በተሰነጠቀ ቱቦ ገብቶ ከአሮጌ ግራሶ ጋር ሲቀላቀል ሽቦውን ይበላዋል። ደግሞም አንዱ መኪና በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአባያ ሐይቅ ዳር ቆላ እስከ ሁላ ደጋ፥ ከ2,500 ሜትር በላይ ወደ ሆነው ብርድ ይወጣል። በቆላ ልክ የነበረው ወፍራም ግራሶ በደጋው ማለዳ ይጠነክራል፤ መርፌውም ጧት ጧት እየዘለለ፥ ፀሐይ ሲሞቅና መኪናው ጥቂት ሲሄድ ይረጋል። ነጂው ጕድለቱ ጧት ብቻ ነው የሚል ከሆነ እንግዲህ ምክንያቱ ከግራሶው መሆኑን መገመት ይቻላል።

መርፌው በዝግታ ጊዜ፥ በ20 እና በ50 መካከል፥ በእኩል ልክ ወደ ላይና ወደ ታች እየተወዛወዘ፥ ፍጥነት ሲጨመር ግን የሚረጋ እንደ ሆነ የተጣመመ ወይም የደረቀ ሽቦ ምልክት ነው። ከመለኪያው ሰሌዳ በስተ ኋላ የሚሰማ ጩኸት ካለም ማስረጃው ይጸናል። ሽቦውን ለመመርመር ላይኛውን ጫፍ ከመለኪያው ፈትቶ የውስጡን ሽቦ መሳብ ነው፤ በአንዳንዱ መኪና ግን የሚወጣው በታች በኩል ስለ ሆነ እንቢ ሲል በኀይል አይጐተትም። ሽቦው ከወጣ በኋላ በናፍጣ ታጥቦ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ከዚያም ሁለቱን ጫፎች በሁለት እጅ ይዞ መካከሉን ወደ ታች እንደ ቅስት ማንጠልጠልና አንዱን ጫፍ በጣት ቀስ ብሎ ማዞር ነው። ደህና ሽቦ በሌላው እጅ በኩል እኩል ይዞራል፤ የተጣመመው ግን ጥቂት ቈይቶ በድንገት ይገለበጣል። የሚገለበጥ ሽቦ ቢቀቡትም ስለማይድን መለወጥ አለበት። የተገመዱት ቀጫጭን ሽቦዎች ከተነቃቀሉ፥ ወይም የጫፉ ማዕዘን ከተድቦለቦለ እንዲሁ ነው። ማዕዘኑን በፒንሳ ጨፍልቆ መመለስ በየጋራዡ የሚደረግ ልማድ ቢሆንም ጥቂት ሳምንት ብቻ ይቆያል፤ በነዚያም ሳምንታት ቈጣሪው መቼ እንዳጐደለ የሚያውቅ የለም።

ደህና ሆኖ የተገኘው ሽቦ ሲመለስ ቀለል ያለ ግራሶ በስሱ ይቀባል። የቸርኬ ኩሽኔት የሚቀባበት ወፍራም ግራሶ ለዚህ አይሆንም። የሚቀባውም ከታች ጀምሮ ነው፤ ከላይ በኩል 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይቀባ ይቀራል። ብዙ ሰዎች ይህን ሳያውቁ ሽቦውን በሙሉ በቅባት ይነክሩታል። ሽቦው የተገመደ ስለ ሆነ ሲዞር ቅባቱን እንደ ቡርጊ እያነሣ ወደ ላይ ይወስደዋል፤ ቅባቱም መለኪያው ውስጥ ገብቶ ጽዋውን ከማግኔቱ ጋር ያጣብቀዋል። ያን ጊዜ መርፌው ከመዝለል አልፎ እስከ መጨረሻው ቍጥር ሄዶ ይቀራል። ቱቦውንም በሚመልሱበት ጊዜ ዙሪያው ሳይጨነቅ በሰፊው እንዲታጠፍ፥ የጭስ ማውጫውንም እንዳይነካ መጠንቀቅ ይገባል። ራዲዮ ወይም ሌላ ነገር ለመግጠም ሰሌዳው ተፈትቶ በተመለሰ ማግሥት መርፌው መዝለል የጀመረ እንደ ሆነ፥ ቱቦው ተጨንቆ ታጥፏል ማለት ነውና ሌላ ነገር ከመፈለግ በፊት እርሱ ይታይ።

ያልቀቡት ቅባት በመለኪያው ውስጥ ቢገኝ የመጣው ከካምቢዮው ነው። በመዘውሯ ቤት ዘይት እንዳያልፍ የተደረገው የጐማ ቀለበት ሲደርቅ የካምቢዮው ዘይት በሽቦው ይወጣል። ሽቦው ሲመዘዝ በግራሶ ፈንታ በቀጭን ዘይት ርሶ ከወጣ፥ ቀለበቱ ሳይለወጥ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው፤ የካምቢዮውም ዘይት ልክ በዚያው ይታይ። መዘውሯ በብዙ መኪና ከፕላስቲክ የተሠራች ስለ ሆነች ጥርሷ ሲበላ በዓይን ይታያል። በምትለወጥበት ጊዜ የጥርሷ ቍጥር እንደ አሮጌዋ መሆኑን መቍጠር ግድ ነው፤ የጥርስ ቍጥር ልዩነት ሁልጊዜ የሚሳሳት ቈጣሪ ይፈጥራልና።

ሽቦው እስከ ታች እየዞረ መሆኑን ሳይነዱ ለማወቅ፥ የፊት ጐማዎቹን በድንጋይ አስደግፎ፥ አንዱን የኋላ ጐማ በክሪክ አንሥቶ፥ ማርሹን ነጻ አድርጎ የእጅ ፍሬኑንም ለቆ፥ የተነሣውን ጐማ በእጅ ማዞር ነው። ከመለኪያው የተፈታው የሽቦ ጫፍ አብሮ መዞር አለበት። ድንጋዩ ሳይደገፍ የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ግን ሰውን ለሞት የሚያደርስ ነው። ከመኪናውም ሥር ማንም አይግባ።

ሽቦውም መዘውሯም ደህና ሆነው መርፌው አሁንም የሚወላውል ከሆነ መለኪያው ራሱ ታሟል። የማግኔቱ ዘንግ ቀዳዳውን አስፍቶ ሲንቀጠቀጥ ጽዋውን መንካት ይጀምራል፤ ወይም ሞላዋ ደክማለች። ይህን መፍታት ለወረዳ መካኒክ የተገባ አይደለም፤ የሞላዋ መተከያ በጥቂት ቢዞር መርፌው ሁልጊዜ ይሳሳታል፤ ከዚህ ይልቅ ለሰዓት ሠሪ የቀረበ እጅ ይፈልጋል።

በኋላ ዘመን የተሠሩት መኪናዎች ሽቦ የላቸውም። በካምቢዮው ላይ የተገጠመ አነፍናፊ መሣሪያ በየዙሩ የኤሌክትሪክ ምልክት ይልካል፤ በብዙ የጃፓን መኪና በአንድ ዙር 4 ምልክት ስለሚላክ በ1 ኪሎ ሜትር 2,548 ይሆናል። በዚህ ዓይነት መርፌው ሲወላውል አስቀድሞ የሚታየው የመሣሪያው ሶኬት ነው፤ ጭቃና ውሃ ገብቶበት ይዝጋል። ከእህል መጋዘን አጠገብ በሚያድር መኪና ደግሞ አይጥ የበላውን ሽቦ መፈለግ ነውር አይደለም። የነዳጁና የሙቀቱ መርፌዎች ከፍጥነቱ መርፌ ጋር አብረው የሚወላውሉ ከሆነ ግን ከካምቢዮው ሥር መግባት አያስፈልግም፤ የሰሌዳው መሬት የሚባለው ሽቦ ላልቷል ወይም የሞተሩ ዲናሞ ኀይሉን አስተካክሎ አያወጣም።

ጥገናው እስኪፈጸም ድረስ ነጂው ያለ መርፌ እንዳይቀር ሰዓት ይበቃዋል። በሁለት የኪሎ ሜትር ምልክቶች መካከል 60 ሰከንድ የፈጀ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ 72 ሰከንድ የፈጀ 50፥ 90 ሰከንድ የፈጀ 40 ነው። 3,600ን በሰከንዱ ቍጥር መካፈል ነው እንጂ ሌላ ትምህርት አይፈልግም። ሰዓቱንም የሚያየው አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው፤ ባጃጅና ጋሪ በሞላበት በሐዋሳ ጐዳና የነጂው ዓይን ከመንገዱ ሊለይ አይገባውምና።

ለእርሻ ሥራ ግን ይህ የሰዓት ፈተና ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም የሚሰጠው በመኪና ላይ ተጭኖ በሚረጭ መድኃኒት ጊዜ ነው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፥ ከአውሮፕላን ሌላ በፒክአፕ ላይ የተጫኑ መርጫዎች ሠርተዋል። እንዲህ ያለው መርጫ በየደቂቃው የተወሰነ መድኃኒት ያወጣል፤ በአንድ ሄክታር ላይ የሚወርደውን ልክ የሚወስነው እንግዲህ የመኪናው ፍጥነት ነው። መርጫው በሰዓት 50 ሊትር ያወጣል፥ በአንድ ማለፍ 50 ሜትር ስፋት ይሸፍናል እንበል። መኪናው በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢሄድ በአንድ ሰዓት 50 ሄክታር ይረጫል፤ ለሄክታሩም 1 ሊትር ይደርሳል። ነጂው መርፌውን አምኖ በእውነቱ 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 40 ሄክታር ብቻ ይረጭና ለሄክታሩ 1 ሊትር ከሩብ ይወርዳል፤ ይህም የመድኃኒት ብክነት፥ ለንብና ለከብትም አደጋ ነው። 12 ቢሄድ ደግሞ 60 ሄክታር ይሸፍንና ለሄክታሩ ከሚገባው ስድስተኛው ይጐድላል፤ አንበጣውም ሊተርፍ ይችላል። ደህና መለኪያ እንኳ በእንዲህ ያለ ዝግታ ብዙ አይታመንም፤ መርፌው ከዜሮ ገና መነሣቱ ነውና።

ስለዚህ ለመርጨት የሚወጣ መኪና ፍጥነቱ በመርፌ አይወሰንም። በሚረጨው መሬት ዓይነት ላይ 100 ሜትር በሜትር ለክቶ በሁለት እንጨት ምልክት ማድረግ፥ መርጫው ተጭኖ በተወሰነ ማርሽ መንዳት፥ ጊዜውንም መቍጠር ነው። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ 100 ሜትሩን በ36 ሰከንድ፥ 8 የሚሄድ በ45 ሰከንድ፥ 12 የሚሄድ በ30 ሰከንድ ይፈጽማል። ትክክለኛው ማርሽና የነዳጅ ፔዳሉ አያያዝ ከተገኘ በኋላ በወረቀት ተጽፎ በመኪናው ውስጥ ይለጠፍ፤ መሬቱ ከአስፋልት ወደ እርሻ፥ ከሜዳ ወደ ዳገት በተለወጠ ጊዜም ፈተናው ይደገም።

የቀረው የመዝገቡ ነገር ነው። ቈጣሪው እንደሚያጐድል ወይም እንደ ቆመ በታወቀ ቀን፥ ቀኑና ቍጥሩ በመዝገብ ይጻፍ፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ጥገናው ድረስ ያለው ጕዞ የመነሻውና የመድረሻው ስም እየተጻፈ በታወቀው የመንገድ ርቀት ይመዝገብ፥ ርቀቱ ባልታወቀበት በስልክ ይለካ። ነጂው ከግምቱ ቍጥር እንዲጽፍ ማዘዝ፥ እርሱንም መዝገቡንም ማሳማት ነው። ለዚያ ጊዜ በነዳጅ ልዩነት የተጠየቀ ነጂ ካለ፥ የ10 ኪሎ ሜትሩ ፈተና ውጤት ከመዝገቡ ጋር ይያያዝለት። መለኪያው በሙሉ ተለውጦ ከአዲስ አበባ መርካቶ የተገዛ ያገለገለ መለኪያ የገባ እንደ ሆነ፥ የሌላ መኪና ቍጥር ይዞ ስለሚመጣ፥ የአሮጌው የመጨረሻ ቍጥርና የአዲሱ የመጀመሪያ ቍጥር በአንድ መስመር ጎን ለጎን ተጽፈው፥ ሹሙ፥ ነጂውና መካኒኩ ይፈርሙባቸዋል። ከዚያ በኋላ በማናቸውም ቀን የመኪናውን እውነተኛ ጕዞ ለማወቅ፥ በዚያ ቀን ከሚታየው ቍጥር ላይ የአዲሱን መለኪያ የመጀመሪያ ቍጥር ቀንሶ የአሮጌውን የመጨረሻ ቍጥር መደመር ነው።